በዛብህ የሚፈራው ሴት ነው ወይስ ስለት?

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግር ወጣን። ዳገቱ ትንፋሽ ሲያሳጥረን አረፍ አልንና እንደለመድነው ክርክር ጀመርን። ርዕሱ በዛብህ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ሰውየው ሴት ይፈራል፤ አለቀ!» አለ። ሳቅን። ነገሩ ግን በዚህ የሚያልቅ አልመሰለንም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያልሰማ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆነ። በዛብህን ወላጆቹ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተስለውበታል። ስለዚህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲቀመጥ፣ ከፊቱ ያለችው ተማሪ ብቻ አይደለችም። ልቡ ወደ እሷ ባዘነበለ ቁጥር ገና ሳያጠፋ ጥፋተኛ ይሆናል። የአባቷን ቁጣ መፍራቱስ ልክ ነው፤ የድሃ ልጅ ነዋ! ሰብለን ራሷን ግን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

እኛስ? ስለት የለብንም። ግን «ከሴት ጋር ምን ያቆምሃል?» እየተባልን አደግን፤ አንገት መድፋታችን ጨዋነት ተባለልን። ሠላሳን ስንጠጋ ደግሞ እነዚያው ሰዎች «መቼ ነው የምታገባው?» ይሉናል።

ሳይኮሎጂ እንደሚለው ፍርሃትን የሚያኖረው ሽሽት ነው። ስንሸሽ እፎይ እንላለን፤ ያ እፎይታ ነገም መሸሽን ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ቀስ በቀስ አቀረበችለት። በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት።

ሴት ልጅ ግን የማንም የድፍረት መለማመጃ አይደለችም። የምንለው ሌላ ነው፦ ሴትን «ፈተና» ብሎ የተማረ ወንድ ወይ ይሸሻታል፣ ወይ ሊያሸንፋት ይነሳል። መንገድ ላይ የሚለክፈውና አንገቱን የሚደፋው ልጅ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስለናል። ሁለቱም አላወሯትም።

ስንወርድ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሁለት እናቶች አገኘን። ያ ጓደኛችን ቀድሞ «እንደምን አደራችሁ፣ እናቶቼ» አለ።

«አንተ ሴት አትፈራም እንዴ?» አልነው።

«እነሱማ እናቶቼ ናቸው!»

ይኸው ነው። የምንፈራው ሴትን አይደለም፤ ስለ እኩያችን የተነገረንን ነው። እስቲ ሰኞ ቢሮና ክፍል ስንገባ «እንደምን አደርሽ» ከማለት እንጀምር፤ ሌላ ምንም ሳንፈልግ።