ብርሃን በዋት ብቻ አይለካም

የፊት መብራት ሲደበዝዝ 60/55 ዋቱን ኤች4 አምፖል አውጥቶ 100/90 መግጠም ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን በ12 ቮልት 60 ዋት 5 አምፔር ሲጠይቅ፣ 100 ዋት ከ8 በላይ ይስባል፤ የሽቦው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሶኬት የሚያቀልጠው ይህ ነው። ፊውዝ ይጠብቀኛል የሚል፣ ፊውዙ ሲያስቸግረው በትልቅ ከተካው የሚነደው ሽቦው ነው። በጭጋግማ ይብሳል፦ የውሃው ብናኝ የተጨመረውን ብርሃን ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሰዋል፤ ከፊት የሚመጣውም ይታወራል። መንገዱ ጨለማ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም የሽቦ መጋጠሚያ ዝጎ ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢወርድ እንኳ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲያው የዛገውን የሽቦ መጋጠሚያ ማጽዳት፣ የወየበውን የመብራት ሽፋን ማስወልወል፣ የጨረሩን አቅጣጫ ማስተካከል ይቅደም።