ሣሩ ከመድረክ፣ ዱቡሻው ከደጅ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያልተባለበት ስብሰባ ብርቅ ነው። ተረቱ ያምራል፤ ጥፋቱም የተረቱ ሳይሆን የጠቃሾቹ ነው። ድር በገዛ ፈቃዱ አያብርም። ፈታይዋ ፈትላው፣ ሸማኔው ወጥሮት፣ እያንዳንዱ ክር የተሰጠውን ቦታ ይዞ ነው የሚያብረው። ክር ቅሬታ የለውም፤ ከጎረቤቱ ክር አይኳረፍም፤ የሸማኔውንም አሳብ አይጠራጠርም። ሰው ግን ክር አይደለም። ኅብረትን በድር ብቻ እየመሰለ የሚሰብክ ኃላፊ፣ ሳይታወቀው የሚናገረው ስለ ኅብረት ሳይሆን ስለ ገዛ ሸማኔነቱ ነው።

የሚገርመው፣ ሽመናን ጠንቅቆ የሚያውቀው የጋሞ ሕዝብ፣ የሰዎች ኅብረት ነገር ሲነሣ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ አለመሄዱ ነው። የሚሄደው ወደ ዱቡሻ ነው።

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ኦቾሎ አለታማ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ዱቡሻ በኦቾሎም ሆነ በሌላው የጋሞ ደጋ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ጣሪያም ግድግዳም የሌለው የጉባኤ ሥፍራ ነው። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል። አሳብ ያለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሌላው ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የማይስማማውም በተራው ተነሥቶ አለመስማማቱን በሁሉ ፊት ይገልጣል። እጅ አውጥቶ ድምፅ መቁጠር የለም። ነገሩ እስኪበስል ይመከራል፤ ዛሬ ካልበሰለ ለሌላ ቀን ያድራል። ጉባኤውን የሚጠራና ውሳኔውን የሚያስፈጽም ሃላቃ የሚባል ባለማዕርግ አለ። ስሙ «አለቃ» የሚለውን ያስታውሳል፤ ሥራው ግን ብዙዎቹ የዘመናችን አለቆች ከሚያውቁት የተለየ ነው። ለማዕርጉ ደግሶ አብልቷል፤ ሲናገርም ሕዝቡ ያለውን ይናገራል እንጂ የራሱን ትእዛዝ አያወርድም።

ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ጉባኤ አጥንቷል፤ በ1983 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተመው መጽሐፍም የፖለቲካን ሥፍራ የሚመለከት ነው። ይኸው ሰው በኋላ ፊቱን ወደ አውሮፓ ፓርላማና ወደ ገዛ አገሩ ብሔራዊ ምክር ቤት አዙሮ እነሱንም እንዲሁ አጠና። ሰዎች ተሰብስበው እንዴት እንደሚመክሩ ለማወቅ መጀመሪያ የመጣው ወደ ኦቾሎ ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን የቡድን ሥራ ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠቀሰው ከውጭ የተቀዳ መመሪያ ነው፤ ኦቾሎ አትጠቀስም።

«ይህ ሁሉ ምክክር ጊዜ ይፈጃል፤ ትርዒት የሚደርስበት ቀን አለው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ጊዜ ይፈጃል። ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ በ1897 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሞስኮ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ዐሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ተነጋግረዋል። የሞስኮ ኪነ ጥበብ ቴአትር የተወለደው ከዚያ ንግግር ነው። በድርሰቱ ነገር የመጨረሻው ቃል የማን እንደሚሆን፣ በዝግጅቱስ የማን እንደሚሆን የተለየው ያን ዕለት ነበር። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በስተ እርጅናቸው መኳረፋቸውም የታወቀ ነው፤ መተማመን አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለምና። ሆኖም ስለ ጊዜ የሚጨነቅ አዘጋጅ፣ ባልተመከረበት ልምምድ ላይ በኩርፊያ፣ በሐሜትና በመቅረት የሚባክነውን ሰዓት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይቁጠር። በስብሰባው አዳራሽ ዝም ያለው ተዋናይ ንግግሩን የሚጀምረው ሻይ ቤት ነው። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተስማማን» ይላል፤ ሻይ ቤቱ ሌላ ይላል፤ ተመልካቹ መድረክ ላይ የሚያየው የሻይ ቤቱን ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ዱቡሻን ጌጥ ማድረግ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ከሞቱ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ያየው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ሣር ለመድረክ ሰዎች የተወደደ ቁስ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ይገባል፤ ክራሩ ይለሰልሳል፤ ጠበኞቹ ይታረቃሉ፤ መጋረጃው ይወርዳል። ሣሩ ያን ቀን የሠራው ሣር ስለሆነ ይመስል! እነዚያ አባቶች የተሰሙት በዱቡሻ ሲያዳምጡ የኖሩ ስለሆኑ ነው፤ ወጣቱ ያከበረው ጉልበታቸው መሬት የነካበትን ያን ቅጽበት ብቻ አልነበረም። ይህን የዓመታት ሥራ ትቶ ምልክቱን ብቻ የሚወስድ ድርሰት፣ ፍሬውን ቆርጦ ዛፉን ረስቷል። ይባስ ብሎ እንዲህ ያለው ትርዒት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው አንድ ሰው እየጮኸ ሌላው እየታዘዘ ነው።

ይህ ሲባል ግን ዱቡሻን እንከን የሌለው ገነት አድርጎ መሣል ሌላ ውሸት ይሆናል። ዱቡሻ የማይቀበላቸው ሰዎች ነበሩት። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከጉባኤው ይገለሉ ነበር፤ ለሴቶችም በአብዛኛው የመናገር ሥፍራ አልነበራቸውም። ሁሉ የሚመክርበት የተባለው ሜዳ፣ እንስራውን የምትሠራውን ሴት ከዳር ያቆም ነበር። ይህን የሚሸፋፍን የባህል ወዳጅ ለባህሉም አይጠቅምም።

ነገር ግን በዚህ ኦቾሎን ለመውቀስ የሚጣደፍ የኪነት ሰው አስቀድሞ የገዛ ቡድኑን ይመልከት። የአንድ ቴአትር ግምገማ ሲካሄድ ልብስ ሰፊዋ የት አለች? መብራቱን የሚቆጣጠረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ከበሮውን የሚጠግነውስ? እዚያም የተገለለው በእጁ የሚሠራው ነበር፤ እዚህም እሱው ነው። ጀግናው በሦስተኛው ትዕይንት ሲወድቅ ቀሚሱ ለምን እንደሚጠልፈው ልብስ ሰፊዋ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ የጠየቃት የለም። መብራቱ ዘግይቶ ሲበራ የሚሰደበው ሠራተኛ፣ ድርሰቱን ከነአካቴው እንዲያነብ አልተሰጠውም። ከዚያም «የቡድን መንፈስ ጎደለ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

የኦቾሎ ሰው ለሃላቃው «አልስማማም» ሲል በሁሉ ፊት ይላል። በኪነት ቡድኖቻችን ይህን ቃል የተናገረ ወጣት ተዋናይ ለሚቀጥለው ድርሰት ሚና ሲታደል ይረሳል፤ የረሳው ሰው ግን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መተማመን የሚገደለው በዚህ ዐይነቱ መርሳት ነው። መምህራንም በየትምህርት ቤታቸው የቴአትር ክበብ ይህንኑ እያዩት ነው፤ ካድሬዎችም በየስብሰባው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው የጋሞ ሕይወት ትርዒት እርጥብ ሣር ይገዛ የሚለው ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከበሮ መቺውና የመብራት ሠራተኛው ከደራሲውና ከአዘጋጁ ጋር አንድ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። ሣሩ በየትኛው ትዕይንት እንደሚገባ፣ ጨርሶም ያስፈልግ እንደሆነ፣ መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ።