ስለ ሕንፃ ጥራትና ስለ ገንዘብ ትርፍ

ባለገንዘብ ገንዘቡን አውጥቶ በድንጋይና በአርማታ ላይ ሲያፈሰው የሚያስበው ትርፉን ነው። ይህም የሚነቀፍ አሳብ አይደለም፤ ከተማ የሚለማው፥ ሥራ ፈላጊውም እንጀራ የሚያገኘው በዚሁ አሳብ ነውና። ነገር ግን ትርፉ የሚቈጠረው መቼ ነው? ቤቱ አልቆ የመጀመሪያው ተከራይ ቍልፍ በተቀበለበት ቀን ነውን? ወይስ ቤቱ ሃምሳ ዓመት ቆሞ የልጅ ልጅ ኪራዩን በሚቀበልበት ጊዜ? በድሬዳዋ ከተማ የሚሠራው ሕንፃ ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ስለ ሄደ፥ ይልቁንም በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በዚያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ባለገንዘብ ዓይኑን ወደዚያ ስላዞረ፥ ይህን ጥያቄ በሹማምንቱም በካህናቱም ፊት ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ድሬዳዋ ራስዋ የተወለደችው ከመዋዕለ ንዋይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ፥ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላስቸገረ በቈላው ቀረ፤ ስፍራውም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። የኩባንያው መሐንዲሶች ከደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን የከዚራን ሰፈር ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፍለው ጣቢያውንና የባቡሩን መጠገኛ፥ የሠራተኞችንም መኖሪያ ሠሩ፤ በሌላው ወገን መጋላ በገበያውና በንግዱ አደገ። ከዚያ ዘመን ቤቶች ውስጥ ወፍራም ግድግዳቸውና ጥላ ያለው በረንዳቸው ሳይናወጥ እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው አሉ። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ሥራውን ከጀመረ በኋላ እንኳ የድሮው ጣቢያ ግንብ በስፍራው ቆሟል። መቸም የድሮ ሥራ ሁሉ መልካም ነበረ ለማለት አይደለም፤ የፈረሰው አይታይምና የቀረውን ብቻ አይተን እናመሰግናለን። ቢሆንም አንድ ግንብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል ያየ ሰው፥ በዐሥር ዓመት የሚሰነጠቅ ሕንፃ የዕድል ጕዳይ ነው ቢሉት ሊቀበል አይገባውም። ዕቃ አጣን ማለትም አይቻልም፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በዚችው በድሬዳዋ ነው።

ስለ ገንዘብ ትርፍ የሚመራመሩ ሊቃውንት በቅርብ ጊዜ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ኦስካር ዦርዳ የተባለው ሊቅና አራት ባልደረቦቹ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ባሳተሙት ጥናት፥ የዐሥራ ስድስት አገሮችን መዝገብ ከ1870 እስከ 2015 ድረስ መርምረው፥ በመኖሪያ ቤት ላይ የዋለ ገንዘብ የዋጋ ንረት ከተቀነሰ በኋላ በያመቱ ከመቶ ሰባት ያህል እንዳተረፈ አገኙ። ይህም በኩባንያ አክሲዮን ላይ ከሚገኘው ትርፍ ጋር የሚተካከል ሲሆን፥ መዋዠቁ ግን ያነሰ ነው። የተመረመሩት አገሮች ሀብታሞች ስለ ሆኑ ቍጥሩን እንዳለ አንሥቶ ወደ ድሬዳዋ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። ልንማርበት የሚገባን ቍጥሩ ሳይሆን የትርፉ ምንጭ ነው። ከትርፉ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ የተገኘው የቤቱ ዋጋ በመውጣቱ ሳይሆን በኪራይ ነው፤ ኪራዩም የተቈጠረው የጥገናው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው። እንግዲህ የቤት ሀብት ማለት ሳይቋረጥ የሚከፈል ኪራይ ማለት ከሆነ፥ ኪራዩን የሚያቋርጥ ነገር ሁሉ የሀብቱ ጠላት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ በ50 ሚሊዮን ብር ፎቅ ሠርቶ በያመቱ 3 ሚሊዮን ተኩል ብር የተጣራ ኪራይ ያገኛል እንበል፤ ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ይህ ነጋዴ በሥራው ጊዜ ከሲሚንቶውና ከፌሮው ቀንሶ፥ ተቈጣጣሪ መሐንዲሱንም አሰናብቶ 1 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ምሰሶው ቢሰነጠቅና ተከራዮቹ ቢወጡ፥ ለመጠገኛ 6 ሚሊዮን ቢያወጣና የአንድ ዓመት ኪራይ ቢቀርበት፥ ዋናው ገንዘቡ ገና ሳይመለስ 9 ሚሊዮን ተኩል ብር ከሰረ። በመጀመሪያ የተቈጠበው አንዱ ሚሊዮን ትርፍ መስሎት ነበር፤ ለካ ከባድ ወለድ ያለበት ብድር ኖሯል።

የአርማታን ጠባይ የመረመሩት መሐንዲሶችም ከዚሁ አሳብ ላይ ደርሰዋል። ዳፍ ኤብራምስ የተባለው አሜሪካዊ መምህር በፈረንጆች 1918 እንዳሳየው፥ በአርማታ ውስጥ ውኃው ከሲሚንቶው አንጻር በበዛ ቍጥር ብርታቱ እየወረደ ይሄዳል። በኋላም እንደ ተረጋገጠው፥ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ከመቶ አምስት እጅ ባዶ ስፍራ የቀረበት አርማታ ከብርታቱ ከመቶ ሠላሳ ያህሉን ያጣል። ዴ ሲተር የተባለው የኔዘርላንድ መሐንዲስ ደግሞ በ1984 ነገሩን በገንዘብ ተርጕሞ፥ በሥራው ጊዜ ሊወጣ የሚገባው አንድ ብር ቢቀር በጥበቃ ጊዜ አምስት፥ ጉዳት ሲጀምር ሃያ አምስት፥ ጉዳቱ ሲስፋፋ መቶ ሃያ አምስት ይጠይቃል ብሏል። ይህ የአምስት እጥፍ ሕግ በሚዛን የተለካ አይደለም፤ የነገሩን አካሄድ ለማስታወስ የተነገረ ነው። አካሄዱ ግን እውነት ነው፤ ፌሮው በቀጭን አርማታ ከተሸፈነ እርጥበትና አየር ይደርሱበታል፥ ሲዝግ ያብጣል፥ ሲያብጥም የሸፈነውን አርማታ ሰንጥቆ ይጥለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዝገቱ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ለድሬዳዋ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቈላ ስለ ሆነች፥ የፀሐይዋን ነገር ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን አርማታው ከመቀላቀያው ወጥቶ ፎቅ ላይ እስኪደርስ መጠጠር ይጀምራል፤ ሠራተኛው ለማፍሰስ ሲቸገር፥ ፎርማኑ «አንድ ባልዲ ውኃ ጨምርበት» ይላል። ባልዲው ሥራውን ያቀላል፥ ብርታቱን ግን ያወርዳል። በማግሥቱ ደግሞ ውኃ በሚያስፈልገው ጊዜ የሚያጠጣው ይጠፋል። አርማታ የሚጠነክረው እንደ ጭቃ ደርቆ ሳይሆን ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል፥ ሥራውም ከማለዳ በፊት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከደረቅ ወንዝ ሆድ የሚታፈሰው አሸዋም ደለል ይበዛዋል። ለዚህ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፤ አሸዋውን በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር አናውጦ ቢያስቀምጡት ደለሉ ለብቻው ከላይ ይረጋል፤ ከመቶ ስድስት እጅ ካለፈ መታጠብ ወይም መጣል አለበት። ይህን ያህል ቀላል ነገር የማይደረገው ስለ ምን ነው?

ባለገንዘቡ ሁሉ ስግብግብ፥ ግንበኛውም ሁሉ ሌባ ስለ ሆነ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በፈረንጆች 1970 ባወጣው ጽሑፍ፥ ገዢ መልካሙንና መጥፎውን ዕቃ ለይቶ ማየት በማይችልበት ገበያ ለመልካሙ ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ስለማይገኝ፥ መልካሙ ዕቃ ከገበያው እየወጣ መጥፎው እንደሚቀር አሳይቷል። በዚህም የተነሣ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሕንፃ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። ልስንና ቀለም ከተቀባ በኋላ ፌሮው ስንት እንደ ሆነ፥ አርማታው ስንት ቀን ውኃ እንደ ጠጣ የሚያይ የለም። በቅንነት የሠራውና አጭበርብሮ የሠራው ሁለቱም አንድ ኪራይ ይቀበላሉ፤ ቅኑ በወጪው ብዛት ይጎዳል። ስለዚህ ጥራት ትርፍ የሚያመጣው በዓይን ሊታይ ሲችል ብቻ ነው፤ እንዲታይ ማድረግም የአስተዳደር ሥራ ነው።

ከዚህም በላይ የጥራት ጕድለት ዕዳውን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በደጋው የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ በሌሊት ሰው በተኛበት ሲመጣ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶችም ተጠርገው ሄደዋል። ቤት በየት እንደሚሠራ መምረጥና መከልከል ከጥራት ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑን ድሬዳዋ በልጆችዋ ሞት ተምራለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር በተደጋጋሚ ተናውጣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል፥ ቤቶችም ተሰንጥቀዋል። ድሬዳዋም በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በአሜሪካ የሚገኘው የሕንፃ ሳይንስ ብሔራዊ ተቋም በ2019 ባወጣው ጥናት፥ ዘመናዊውን የሕንፃ ሥራ ደንብ ለመከተል የሚወጣው አንድ ዶላር ከአደጋ ጉዳት ዐሥራ አንድ ዶላር ያድናል ብሏል። በቱርክ አገር ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሕንፃዎች ባለቤቶቻቸው ገንዘብ ከፍለው እንዲመዘገቡ በ2018 ምሕረት ተደረገላቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ምድር ስትናወጥ በዚያ አገር ከ50,000 በላይ ሰው አለቀ። የሞተው ሁሉ በዚህ ምሕረት ሰበብ ነው አይባልም። ነገር ግን ደካማ ምሰሶ በማኅተም እንደማይጠነክር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በአገራችንም ሕግ አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ያለ ፈቃድ መሥራትን ከልክሎ፥ የሕንፃ ሹም እንዲኖርና ሥራውን እንዲቈጣጠር አዟል፤ የንድፍ ደንቡም በ1987 ዓ.ም. ከወጣው በኋላ ታድሷል። የጐደለው የቍጥጥሩ ውጤት ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ለሚከራየውና ለሚገዛው፥ ብድር ለሚሰጠውም ባንክ መታየቱ ነው። በእኛ አስተያየት እያንዳንዱ ሕንፃ አንድ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። በመዝገቡም ውስጥ የአፈሩ ምርመራ፥ የፌሮው ቍጥር፥ በሰባተኛውና በሃያ ስምንተኛው ቀን የተሰበሩት የአርማታ ኩቦች ውጤት፥ የተቈጣጠረውም መሐንዲስ ስም ይጻፍ፤ ማዘጋጃ ቤቱም መዝገቡን ለጠያቂ ሁሉ ያሳይ። ባንክ ይህን አይቶ ወለዱን ቢያቀል፥ ተከራይም አይቶ ቢመርጥ፥ በቅንነት የሠራው ሰው ዋጋውን ያገኛል። ፈቃዱን የሚሰጠውና ውጤቱን የሚመረምረው አንድ እጅ እንዳይሆንም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ኩቦቹን ቢሰብሩና በያመቱ የከተማዪቱን አርማታ ሁኔታ አሳትመው ቢያወጡ፥ ለመመረቂያ ብቻ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ከሚቀረው ጥናት ይልቅ ለከተማዪቱ ይጠቅም ነበር።

ለካህናቱም የምንለው አለን። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ከምእመናን በሚዋጣ ገንዘብ ስለ ሆነ ሥራው በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ይቆማል፥ የተተከለው ፌሮም ሁለትና ሦስት ክረምት ዝናብ ሲመታው ይከርማል። በኋላ ሥራው ሲቀጥል ዝገቱ ሳይጠረግ፥ አሮጌውም አርማታ ሳይጸዳ አዲሱ ይፈስበታል። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ወንጌል ያስተማረውን ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ጕልላቱን ከማሰቡ በፊት ባለው ገንዘብ የትኛው ክፍል ተጨርሶ ጣራ ሊለብስ እንደሚችል መሐንዲስ ቢጠይቅ፥ የድኻዪቱ አሥር ብር ዝገት አይበላትም። ይህ ለመስጊድ አሠሪዎችም የሚነገር ነው፤ በድሬዳዋ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉና።

መዝገብ መያዝና ኩብ መስበር ሥራውን ያዘገየዋል፥ ባለገንዘቡንም ያሸሸዋል የሚሉ ሰዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ከማለት በቀር ብዙ አንከራከራቸውም፤ ሃያ ስምንት ቀን በሃምሳ ዓመት ፊት ምንም አይደለምና፥ ኩቡም የሚጠብቀው ሥራው እየተካሄደ ነው። የሚሸሽም ካለ የሚሸሸው መዝገቡ እንዲታይ የማይፈልገው ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ሊሆን የሚችለው መዝገቡ ለጉቦ መጠየቂያ አዲስ በር የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ወረቀት ጥቂት፥ የሚከፈለውም ዋጋ አስቀድሞ በአደባባይ የተነገረ ይሁን። አስተዳደሩም ነገሩን ከራሱ ሥራ ቢጀምረው ይሻላል። በመንግሥት ገንዘብ መሠረታቸው የሚጣል ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የኩባቸው ውጤት፥ የወደቀውም ሳይቀር፥ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ፥ ነጋዴው የራሱን ለመለጠፍ የሚያቀርበው ምክንያት አይኖርም።