ቢስሙትም ይንሳፈፋል

በአሜሪካ የወንጌላውያን ኮሌጆች ውስጥ የጠቅላላ ኬሚስትሪ ትምህርት ውሃ ላይ ሲደርስ አንድ የታወቀ ስብከት አብሮ ይመጣል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፤ በረዶው ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ሐይቁ ከላይ ብቻ ይጋገርና ዓሣው ከሥር ክረምቱን በሕይወት ያልፋል። ስለዚህ ውሃ ለሕይወት ታስቦ የተሠራ ነው ይባላል። ተማሪው ጮክ ብሎ አሜን ባይልም ደብተሩ ላይ ያሰምርበታል።

ነገሩ ያምራል። ችግሩ ቢስሙትም መንሳፈፉ ነው።

የቀለጠ ቢስሙት ሲጠጥር ይሰፋል። ጋልየም፣ ጀርማንየምና ሲሊከንም እንዲሁ ናቸው። በቀለጠ ሲሊከን ውስጥ ክረምቱን የሚያሳልፍ ዓሣ ግን የለም። ይህ እግዚአብሔር ውሃን አልፈጠረም አያሰኝም፤ ስብከቱ ትምህርቱን የት ላይ እንደቆረጠው ግን ያሳያል። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጂን ቦንድ አራት ጎረቤቶችን ይይዛል፤ በሲሊከንም ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት ጎረቤቶች አሉት። ሁለቱም ሲጠጥሩ ሰፊ ክፍተት ያለው መዋቅር ይሠራሉ። ተማሪው ይህን ዝምድና ሊያይ ሲል መምህሩ ወደ ዓሣው ዘለለ።

ልማዱ ስም አለው፤ «እምነትንና ዕውቀትን ማዋሐድ» ይሉታል። በበርካታ ክርስቲያን ኮሌጆች አንድ መምህር ዕድገት ወይም ቋሚ ቅጥር ሲፈልግ እምነቱን ከሙያው ጋር እንዴት እንዳዋሐደ የሚገልጽ ጽሑፍ ያቀርባል። የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ መምህር ብዙ የሚለው አለው። የኬሚስትሪው መምህር ግን ለአሲድና ቤዝ ጥቅስ ፍለጋ ይገባል፤ የተገኘው ጥቅስም የኮርሱ መግለጫ አናት ላይ ይለጠፋል።

ተሟጋቾቹ መልስ አላቸው። ተማሪው እሑድ አማኝ፣ ሰኞ ደግሞ እምነት እንደሌለው ሰው ሆኖ መኖር የለበትም ይላሉ። እውነት ነው። ግን ኬሚስቱ ማይክል ፋራዴይ በለንደን የአንዲት ትንሽ ጥብቅ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ቤንዚን (benzene) የተባለውን ውሁድም እ.ኤ.አ. በ1825 ለይቶ ያወጣው እሱ ነው። ስለ ሻማ ለልጆች ያቀረባቸው ትምህርቶች የታወቁት ሻማውን በጥንቃቄ በማየታቸው ነው። የሃይማኖት እምነትን ከተራው ዕውቀት ለይቶ እንደሚያይም በግልጽ ተናግሯል። ይህን ሰው በእሑድና በሰኞ የተከፈለ የሚለው ማን ነው?

ምድር ከ10 ሺህ ዓመት አይበልጣትም በሚሉ ኮሌጆች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያም የግማሽ ዕድሜ ቀመር ይሰጣል፤ ተማሪው የካርቦን 14ን 5,730 ዓመት ይዞ ያሰላል፣ ይታረምለታል። የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ 4.47 ቢሊዮን ዓመት መሆኑንም ይማራል። ያንኑ ቀመር ወስዶ የድንጋይን ዕድሜ ሲጠይቅ ግን ቀመሩ ድንገት አይታመንም። ቀመሩን አስተምሮ ውጤቱን ከመደበቅ ከመጀመሪያው አለማስተማር ይሻላል።

እምነት በኬሚስትሪ ክፍል ቦታ አለው ከተባለ ቦታው ሌላ ነው። የቤልጂግ ተወላጁ አባ ጁሊየስ ኒውላንድ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ አሴቲሊን ከአንድ የአርሴኒክ ውሁድ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን መዘገቡ። የወጣው ነገር ክፉ መርዝ ስለነበር ሙከራውን ተዉት። ጽሑፉ ግን መደርደሪያው ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ኬሚስት ዊንፎርድ ሊ ሉዊስ ከዚያው ጽሑፍ ተነሥቶ ቆዳ የሚያቃጥልና ሳንባ የሚያበላሽ የጦር መሣሪያ ሠራ፤ ሉዊሳይት ተባለ። የቄሱ የኋላ የአሴቲሊን ምርምር ደግሞ ዱፖንት ኩባንያ ለሠራው ኒዮፕሪን ለተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ መሠረት ሆነ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በሉዊሳይት ውስጥ ያለው አርሴኒክ የሰውነትን ኢንዛይሞች በሰልፈራቸው በኩል እንደሚያንቅ ተረዱ። ሁለት የሰልፈር ክንዶች ኖረውት መርዙን ነጥቆ የሚይዝ ማርከሻም ሠሩ፤ ያ መድኃኒት በኋላ በአርሴኒክና በሜርኩሪ ለተመረዙ ሰዎች ዋለ።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የመርዝ መሣሪያ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የክርስቲያን አገር የነበረችው ጣሊያን፣ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ሳለ፣ በአያቶቹ ላይ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበች። አፄ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ከሰሱ። ያንን ጋዝ ያመረቱና በርሜሉን የሞሉ የሙያው ሰዎች ነበሩ፤ ቀመሩንም ከአንድ መምህር ተምረውታል።

ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ኮሌጅ ከጥቅሱ ይልቅ ይህን ይሞክር። የአባ ኒውላንድ ሙከራ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ተማሪዎቹ በቅድሚያ አርሴኒኩ ሰልፈሩን ለምን እንደሚይዝ፣ ማርከሻው ለምን ሁለት ክንድ እንዳስፈለገው ያስረዱ። ቀጥለውም ቄሱ እ.ኤ.አ. በ1904 ያንን ገጽ ማስገባት ነበረባቸው ወይስ መቅደድ ብለው ይሟገቱ። ክርክሩ ሳያልቅ ሰዓቱ ቢደርስባቸው፣ ለበረዶው ከተመደበው ክፍለ ጊዜ ይበደሩ።