«መልእክትዎ ደርሶናል» — ለማን?

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የምትንጠለጠለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን የማያውቅ የለም። ጓጉንቸሯ ዝጓል፤ መክፈቻው ማን ዘንድ እንዳለ ዘበኛውም አያውቅ። አሁን ደግሞ ሣጥኗ ዘመን ደርሶላት ኢንተርኔት ላይ ወጥታለች! «ያግኙን» ይላል ድረ ገጹ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ መልእክት፤ ከዚያ «ላክ»። ወዲያው አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ትላለች፦ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።»

ኧረ ለመሆኑ ለማን ነው የደረሰው?

ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ቢበዛ ታክሲ ይዞ ሄዶ ይጠይቃል። ለአርሲ ደጋ ሰው ግን ምን ቀልድ አለው? የበቆጂ ገበሬ የመሬት ጉዳዩ አሰላ፣ ዞን ድረስ ሲዘልቅ ገብሱን ጥሎ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ሻይ ቤት ውሎ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ይመለሳል። ጉዳዩ አዲስ አበባ ከተላለፈማ ከአሰላ ሌላ 175 ኪሎ ሜትር አለ። የሚሠራ ቅጽ ቢኖር ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ በስልኳ ትጽፍለት ነበር። (ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ካልሆነ ነው እንግዲህ! በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ማዘጋጀት ምኑ ይከብዳል?)

ወረቀት ይሻል ነበር። ራፖር ጸሐፊው ይጽፍለታል፤ መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። ያቺን ቁጥር ይዞ «በዚህ ቀን አስገብቻለሁ» ብሎ ይሟገታል። ድረ ገጹ ላይ ግን ምስጋና እንጂ ቁጥር የለም።

ምስጢሩን እንግለጠው። ቅጹ ወረቀት ነው፤ ፖስተኛው ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ፖስተኛው በፒኤችፒ ቋንቋ «ሜይል» የምትባል ትእዛዝ ናት። እሷ «እሺ» ስትል መልእክቱን ለሰርቨሩ አስረክቤያለሁ ማለቷ እንጂ ለሰው ደርሷል ማለቷ አይደለም። የባሰው ደግሞ፣ በላኪነት የሚጻፈው የልጅቷ የጂሜይል አድራሻ ሲሆን ነው። ደብዳቤው የወጣው ከጂሜይል ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ነውና ተቀባዩ ዘንድ ያለው ማጣሪያ «ይሄ በሰው ስም የመጣ ነው» ብሎ ከበር ይመልሰዋል፣ ወይም ቆሻሻ መጣያ ይከተዋል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቁጥጥሩን ይበልጥ አጥብቀዋል።

መድኃኒቱ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። ላኪው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ አድራሻ ይሁን፤ የባለጉዳዩ አድራሻ «መልስ ለ» የሚለው ቦታ ይግባ። ኢሜይሉ በይለፍ ቃል በሚከፈት የኤስኤምቲፒ መስመር ይውጣ። በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲልክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው እንደሆነም በዶሜይኑ መዝገብ ይስፈር፤ ኤስፒኤፍ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ዋናው ግን፣ መልእክቱ ኢሜይል ሆኖ ከመሄዱ በፊት ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ፤ የገቢ ቁጥር ይውጣለት፤ ቁጥሯም ለባለጉዳዩ ትሰጥ። ያኔ ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳ አቤቱታው አይጠፋም።

«ኔትወርክ የለም፣ መብራት ይጠፋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት መቆየቱንም አልረሳንም። ግን ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ «ላክ» ተጭኖ፣ «ደርሶናል» ተብሎ የጠፋው ወረቀት በማን ይሳበብ? ድረ ገጽ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ሞልቷል። ቅጹን ሞልቶ የሚሞክር ነው የጠፋው!

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ጥያቄ የደረሰው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ አዟል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊነቱን አያጣም ይላል። ታዲያ 30ው ቀን ከየት ይቆጠርለት? ቀን የተጻፈበት ቁጥር የለ!

እንግዲህ «ያግኙን» የምትል ገጽ ያላችሁ ሹማምንት ሁሉ፣ አሰላም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ነገ ጠዋት ቡናችሁን ሳትጨርሱ በግል ስልካችሁ የራሳችሁን ቅጽ ሙሉ። እንደ ባለጉዳይ፣ ማዕረጋችሁን ሳትጽፉ። በሦስት ቀን ውስጥ መልእክቱን ተቀበልኩ የሚል ሠራተኛ ካጣችሁ አረንጓዴዋን ጽሑፍ አውርዱና የመዝገብ ቤቱን ስልክ ቁጥር ለጥፉልን።