ሰልፍ አይተን ሸቀጥ አንግዛ

ከዱባይ የሚመለሱ ልጆቻችን ሻንጣ ውስጥ፣ ከሕፃናት ልብስና ከስልክ ሽፋን መሃል፣ የእጅ ሰዓት መታየት ጀምሯል። ተራ ሰዓት አይደለም። «ሊሚትድ ነው፣ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፣ ሁለት ወር ካስቀመጥከው እጥፍ ያወጣል» የሚባልለት ነው። «እንግዛ ወይስ ይቅር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ መልሳችን አጭር ነው፤ ለንግድ ከሆነ ይቅር። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ከመካከላችን አንዷ በገንዘቧ ተምራዋለችና።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2022 ነው። ስዋች የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ከእህት ድርጅቱ ከኦሜጋ ጋር «ሙንስዋች» የሚባል ሰዓት አወጣ። ኦሜጋ በ1969 ጨረቃ ላይ የወረደውን ሰዓት የሠራ ነው፤ ያ ሰዓት ዛሬ ከሱቅ ሲገዛ በሺዎች ዶላር ነው። አዲሱ ግን መልኩን ይዞ በ260 ዶላር ቀረበ። ሽያጩ በተመረጡ ሱቆች ብቻ፣ ለአንድ ሰው የሚሸጠውም ተቆጥሮ ነበር። በየከተማው ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። ዱባይ ላይ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ የዕለቱ ሽያጭ ተሰረዘ። በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ አንዱን ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጠሩ ሻጮች ሞሉ።

እህታችን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዱባይ ነበረች። እቁቧ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወጥቶላት፣ ብሩን ይዛ ዴራ ሸቀጥ ልትጭን ሄዳ ነበር። ከአውሮፓ አመጣሁ የሚል ሰው ሦስት ሰዓት እያንዳንዱን በ700 ዶላር ሰጣት። 2,100 ዶላር ማለት ነው። ስልኩን አውጥቶ «ተመልከቺ፣ እዚህ 1,200 ይላል» አላት። እውነቱን ነው፣ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስልክ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሻጩ የሚመኘው ነው። ይህን በሌላው ሸቀጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሞያሌ ላይ አንድ ሰው ጆንያ ስኳር በፈለገው ዋጋ ቢጠራ፣ «ማን ገዛህ?» ሳንል አንከፍልም። ሰዓት ሲሆን ግን ጥያቄው ይጠፋብናል። ሰዓቱ ያብለጨልጫላ!

ኩባንያው ራሱ ደግሞ አልዋሸም። ሙንስዋች ሊሚትድ እንዳልሆነ፣ ማምረቱንም እንደሚቀጥል ከመጀመሪያው ተናግሯል። በዚያው በ2022 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰልፍ የሰዓት እጥረት አልነበረም፤ የዚያን ቀን መደርደሪያው ላይ ያለው ማነሱ ነው። የመደርደሪያ እጥረት ደግሞ ፋብሪካው በሠራ ቁጥር ይቀንሳል። ትርፉን የያዘው ሌሊት ተሰልፎ በ260 ገዝቶ በሳምንቱ የሸጠው ነው። እህታችን የገዛችው ሌላው ሰው ትርፉን ከወሰደ በኋላ ነው።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ይዛቸው ስትሄድ ከጎኗ ፎርጅዱ ተደርድሯል። የመጣው ገዢ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ኦሪጅናል ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?» ሆነ። እሷ ደግሞ ከሱቅ ስላልገዛች ደረሰኝ የላትም። ስምንት ወር ቆይታ ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በ280 ሸጠች። ኪሳራውን አስሉት። በዚያ ላይ ያው ገንዘብ የልብስ ሸቀጥ ቢሆን በስምንት ወር ቢያንስ ሁለቴ ይዞር ነበር። የሚከብደው ግን ይህም አይደለም፤ እቁቡን ቀድማ ስለወሰደች ሸቀጥ ሳይኖራት በየሳምንቱ መጣል ነበረባት። ከወንድሟ ተበድራ ጣለች። ዳኛውም አባላቱም ሳይሰሙ ከረመ፤ አሁን ይጻፍ ያለችው ራሷ ናት።

«እውነተኛ ሊሚትድስ?» የሚሉን አሉ። አለ፣ አንክድም። ፓቴክ ፊሊፕ በ2021 መጨረሻ ለቲፋኒ 170 ብቻ የሰማያዊ ገጽ ናውቲለስ ሰዓት ሠራ። የሱቅ ዋጋው ከ52 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ይል ነበር፤ የመጀመሪያው በኒውዮርክ ጨረታ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። 170 ሲባል 170 ነው፤ ዋጋውም ዋጋ ነው። ነገር ግን እነዚያን ሰዓቶች ማን እንደሚገዛ የሚመርጠው ሱቁ ነው፤ የሚመርጠውም የቆዩ ደንበኞቹን ነው። እኛ ወደዚያ በር የምንደርሰው ሦስተኛ ወይም አራተኛ እጅ ላይ ነው። ሮሌክስም ቢሆን በ2022 መጀመሪያ የሁለተኛ እጅ ዋጋው ጣሪያ ከነካ በኋላ ወርዷል፤ በዚያ ሰሞን «ከወርቅ ይሻላል» ተብሎ የገዛ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ከፍሏል። ወርቅ ቢያንስ የትም ከተማ ሚዛን ላይ ወጥቶ ዋጋው ይታወቃል። ሰዓት ሳጥኑ ከጠፋ እንኳን ይወርዳል።

ለገንዘቡ ይመጥናል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሙንስዋች በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ነው። አካሉ ሁለት ሦስተኛው የሴራሚክ ዱቄት፣ የቀረው ከጉሎ ዘይት የተገኘ ፕላስቲክ ነው። አዎ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ! በሱቅ ዋጋ ወዶት ለሚያስረው ሰው ቆንጆ ሰዓት ነው፣ አንነቅፈውም። በ700 ግን የምንከፍለው ለሰዓቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ለተሰለፈበት ሌሊት ነው።

ሰዓት መሸጥ ለሚወድ ነጋዴ የተሻለ ምሳሌ አለን። ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው ከ1989 ጀምሮ ይመረታል፤ ባትሪው ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ማንም አይሰለፍለትም። ትርፉ ቀጭን ነው፤ ሆኖም ጠዋት የገዛኸውን ከሰዓት የሚጠይቅህ ሰው አለ። ፎርጅዱ የእሱም ስለበዛ ከታወቀ አከፋፋይ ውሰዱ።

እህታችን ሦስተኛውን ሰዓት አልሸጠችም፤ ታስረዋለች። እናንተም ለራሳችሁ ከወደዳችሁት ሱቅ ገብታችሁ በሱቁ ዋጋ ግዙት፤ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ጉምሩክ ላይ ይጠይቋችኋል። የእቁብ ብር ይዛችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሸቀጡን ጫኑ።