ዘፋኙ ሲለብስ ማን ይሰደባል?

ስለ ልብስ መጻፍ ለተማሪዎች ማኅበር መጽሔት የማይመጥን ተራ ወሬ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዳቦ ተወደደ፣ ሰላም ጠፋ፣ አንተ ስለ ሱሪና ስለ ቀሚስ ታወራለህ ይሉኛል። እነዚህ ወንድሞች የገዛ ግቢያቸውን ታሪክ ቢጠይቁ ኖሮ እንዲህ ባላሉም ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ የልብስ ሞድ ትርኢት ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ተማሪዎች ከደጅ ተሰልፈው ለማየት የመጡትን ሁሉ በስድብና በጩኸት ተቀበሏቸው። ፖሊስ መጣ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። እንግዲህ የቀሚስ ነገር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋ ነገር ነውና ተራ ወሬ ነው ሊባል አይችልም።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ግልጽ ነበር። የሞድ ትርኢት የምዕራባውያን ነጋዴዎች ገበያ ማስፊያ ነው፤ ሕዝብ በራበው አገር የባዕድ ቅንጦት ማስተዋወቅ የባህል ወረራ ነው አሉ። በዚህ በኩል ግማሽ ያህሉ እውነት ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይመለስ ቀርቷል። ስድቡ በማን ላይ ወረደ? አጭር ቀሚስ በለበሰችው ልጅ ላይ አይደለምን? ሰዳቢው ግን ኮትና ከረባት ያደረገ፣ ጠባብ ሱሪ ያጠለቀ፣ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ ወደ ኋላ ያበጠረ ወንድማችን ነበር። ያ ኮትና ያ ከረባት ከየት መጣ? ከጋሞ ሸማኔ እጅ ነውን? የወንዱ ባዕድ ልብስ ሥልጣኔ፣ የሴቷ ባዕድ ልብስ ብልግና የሆነበትን ሚዛን የሠራው ማን እንደ ሆነ ጠያቂ አልተገኘም።

ይህን ስል ኤልቪስን ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ዘመን ሙዚቃና ልብስ ተያይዘው ነው ወደዚህ አገር የገቡት። አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሮክና ሶል ይሰማ ነበር፤ የሰላም ጓድ መምህራን በሻንጣቸው ሸክላ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲኒማ ቤቶቹም የቀረውን ያሟሉ ነበር። በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ የዘፈነውና በ2013 ዓ.ም. ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ «የሐበሻው ኤልቪስ» የተባለው በድምፁ ብቻ ሳይሆን በፀጉሩና በአለባበሱም ጭምር ነው። ወጣቱ የእንግሊዝኛውን ግጥም ባይረዳ እንኳ ሱሪውን ይረዳል። የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፍ ለአንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ በቂ ናሙና ነውና፣ ብዙም ሳይቆይ ከታች እንደ ደወል የሰፋው ቤልቦተም ባዲስ አበባ ጎዳና ላይ አስፋልቱን ይጠርግ ጀመር። ዘፈን ገንዘብ በማይደርስበት ይደርሳል፤ ልብሱም ተከትሎት ይደርሳል። ይህ የወጣቱ ጭንቅላት ባዶ መሆኑን አያሳይም፤ ሰው የሚወደውን ሰው መምሰል የቆየ ጠባዩ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የአፍሮ ነገር ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች ትግል በተፋፋመበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄምስ ብራውን በጥቁርነቱ የሚኮራበትን ዘፈን አወጣ፤ በኬሚካል ሲያለሰልሰው የኖረውንም ፀጉር ትቶ በተፈጥሮው አጎፈረው። ያ ጎፈሬ በሸክላና በመጽሔት ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ እኛ «አፍሮ» ብለን እንደ አዲስ የውጭ ሞድ ተቀበልነው፤ ሽማግሌዎቹም «ዱርዬ» ብለው እንደ ውጭ ሞድ ተቃወሙት። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የጠላትን ጦር የተዋጉት አርበኞቻችን ጎፈሬያቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ አልነበረምን? ፎቶግራፎቻቸውን የተመለከተ ያውቃል። የከረዩና የአፋር ጎበዝስ ከማን ሸክላ ተማረው? የራሳችንን ፀጉር ከአሜሪካ በውሰት መልሰን ወሰድን ማለት ነው። አረንጓዴ ብጫ ቀዩም እንዲሁ ነው። ከባንዲራችን ወደ ጃማይካ ራስተፈሪያኖች ሄደ፤ በሬጌ ዓለምን ዞረ፤ ከዚያም የክር ቆብ ሆኖ ፒያሳ ላይ መልሶ ተሸጠልን። በቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት ዓመት፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ለተደረገው ትልቅ ኮንሰርት ከመጣው ሕዝብ መካከል ቀለሙ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ያሰበ ብዙ ይሆን? «የኛ» እና «የባዕድ» የሚለው ድንበር ጩኸተኞቹ እንደሚሉት ቀጥ ያለ መሥመር አይደለም።

አሁን ወደ ተውሁት ግማሽ እውነት ልመለስ። ከዘፋኙ ልብስ ጀርባ ነጋዴ መቆሙ እርግጥ ነው። ቢትልስ ጥቁር የቆዳ ጃኬታቸውን አውልቀው ኮትና ከረባት ያደረጉት አስተዳዳሪያቸው ብሪያን ኤፕስታይን ሰፊ ገበያ ስለ ፈለገላቸው ነው። የፐንክ ዘመን ቡድን የሆነውን ሴክስ ፒስቶልስን የመራው ማልኮም ማክላረን ከቪቪየን ዌስትውድ ጋር በለንደን ኪንግስ ሮድ ልብስ ሻጭ ነበር፤ አመፁና ሱቁ አንድ ደጅ ነበራቸው ማለት ነው። ራን ዲ ኤም ሲ የተባሉት የኒው ዮርክ ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለሚጫሙት አዲዳስ ዘፈኑና ኩባንያው ውል ፈረመላቸው። እነዚህ ቢያንስ ላለባበሳቸው ተከፍሏቸዋል። በየሰፈሩ የዚያን ጫማ አስመስሎ የተሠራውን ገዝቶ የሚጫማው ልጅ ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው።

በኛ ዘንድ ነገሩ እንዴት ነው? የዛሬ ዘፋኝ በቪዲዮ ክሊፕ የለበሰችው የሐበሻ ቀሚስ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ የሁሉም ምኞት ይሆናል። ልጃገረዶች ሥዕሉን በስልካቸው ይዘው ሽሮ ሜዳ ይወጣሉ፤ «ይኸን ጥበብ ሥራልኝ» ይላሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ ሸማኔው ገበያ አገኘ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ያው ጥለት በመኪና የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋው ረከሰ ነውና ገዢው ወደዚያ ያደላል። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ስንት ቀን የሸመነው ሰው ንድፉ ተወስዶበት ባዶ እጁን ይቀራል። በክሊፑ መጨረሻ ላይ የካሜራ ሠራተኛው፣ የመብራቱ፣ የፀጉር ሠሪዋ ስም ይነበባል፤ የሸማኔውን ስም አንብቤ አላውቅም። የባህል ወረራ ብሎ ለመጮኽ የሚፈልግ ካለ፣ ይኸውላችሁ እዚህ ጋ ይጩኽ!

እንዳለመታደል ሆኖ ዛሬም የሚጮኸው እዚህ አይደለም። አንዲት ዘፋኝ ጉልበቷ ከታየ በኢንተርኔት የሚወርድባት እርግማን ያው የራስ መኮንን አዳራሽ ደጃፍ ስድብ ነው፤ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ አጠገቧ የሚዘፍነው ወንድ ጉልበቱ ማንንም አያሳስብም። እስቲ ይህን የሚያስረዳኝ ወንድም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፤ እኔ ግን መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለምረቃ በዓልና ለባህል ቀን ዘፋኝ ሲጋበዝ፣ ለመድረኩና ለአስተናጋጆቹ የሚገዛው ልብስ ከመርካቶ የታተመ ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ በቀጥታ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይታዘዝ፤ የሸመነውም ሰው ስም ከዘፋኙ ስም ጋር በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይታተም። ዋጋው እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ልዩነቱን ለመሙላት ከየተመራቂው ጥቂት ብር ቢዋጣ በቂ ይመስለኛል፤ ገንዘብ ያዡም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሒሳቡን ሠርቶ ያቅርብልን። በዚያው ስብሰባ ላይ ስለ እኅቶቻችን የቀሚስ ርዝመት አጀንዳ ለማስያዝ የሚፈልግ ወንድም ቢኖር፣ አስቀድሞ የራሱን ሱሪ ማን እንደ ሰፋው ይንገረን።